የጨጓራ ቀዶ ጥገና ለምን ይደገማል?

ጥያቄ፦ ከስድስት ዓመት በፊት ክብደት ለመቀነስ ቀዶ ጥገና አደረግሁ። ሐኪሞቹ እንደነገሩኝ ከጨጓራዬ አብዛኛው ተቆርጦ ወጥቶ ቀሪው እንደ ቱቦ ሆኗል። በመጀመሪያው ዓመት ተኩል 38 ኪሎ ቀነስሁ፤ ከዚያ ወዲህ ግን 15 ኪሎ መልሼ ጨምሬአለሁ። ከዚህ የባሰብኝ ደግሞ ሌሊት እንቅልፍ የሚነሳኝ ቃር ነው። አሁን ቀዶ ጥገናው ወደ ሌላ ዓይነት መለወጥ አለበት ተብያለሁ። የመጀመሪያው በደንብ ስላልተሠራ ነው ወይስ እኔ ራሴን ስላልጠበቅሁ? ቤተሰቦቼ የሚያምኑት ሁለተኛውን ነው።

መልስ፦ የቤተሰብዎን ፍርድ ለጊዜው እናቆየውና ከቃሩ እንጀምር፤ በደብዳቤዎ ውስጥ ለሐኪም ከክብደቱ ይልቅ ብዙ የሚናገረው እሱ ነውና።

የተሠራልዎት ስሊቭ የሚባለው ቀዶ ጥገና ሲሆን፣ በእሱ ከጨጓራ 80 በመቶ ያህሉ ይወገዳል። ሙሉ ጨጓራ ምግብና አየር ሲገባበት እየተለጠጠ ግፊቱን ያበርዳል፤ ጠባቡ ቱቦ ግን ያን ያህል መለጠጥ ስለማይችል በውስጡ ያለው ግፊት ከፍ ይላል። በዚህ ላይ ጨጓራንና የምግብ ቧንቧን የሚለየው የጡንቻ በር ከላላ፣ ወይም የቱቦው የላይኛው ጫፍ ወደ ደረት ከተንሸራተተ፣ ወይም ቱቦው መሐል ላይ ከጠበበ፣ አሲዱ ወደ ላይ መመለሱ አይቀርም። ይህ ለዓመታት ሲቆይ የምግብ ቧንቧውን የውስጥ ሽፋን ያቆስላል፤ በአንዳንድ ሰዎች ላይም ሽፋኑ ወደ ካንሰር ሊያመራ ወደሚችል ዓይነት ይለወጣል። ባይፓስ የሚባለው ሌላው ዓይነት ቀዶ ጥገና የሚታሰበው ለዚህ ነው፦ ከጨጓራው አናት 30 ሚሊ ሊትር ያህል የምትይዝ ትንሽ ከረጢት ተለይታ ከትንሹ አንጀት ጋር ትገናኛለች፤ ከረጢቷ የምታመነጨው አሲድ ጥቂት ነው፣ ሐሞቱም ከእሷ ርቆ ይወርዳል። እንግዲህ ስሊቭ በሚገባ ተሠርቶም ቃር ሊያመጣ ይችላል ማለት ነው።

ወደ ክብደቱ ስንመጣ ነገሩ ይወሳሰባል። ሰውነት ብዙ ኪሎ የጣለበትን ጊዜ እንደ ረሃብ ዘመን ይቆጥረዋል፤ የሚያቃጥለውን ጉልበት ይቆጥባል፣ የምግብ ፍላጎትንም ቀስ በቀስ ያነሣሣል። ግሬሊን የሚባለው የረሃብ ሆርሞን በብዛት የሚመነጨው በስሊቭ ከሚወገደው የጨጓራ ክፍል ስለሆነ በመጀመሪያዎቹ ወራት ረሃብ ይቀንሳል፤ ይሁን እንጂ ክብደትን የሚቆጣጠረው አንድ ሆርሞን ብቻ አይደለም። ብዙ ታካሚዎች ዝቅተኛው ክብደታቸው ላይ የሚደርሱት ከአንድ እስከ ሁለት ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ ጥቂት መልሶ መጨመር የሚጠበቅ ነው። የደም ግፊቱ መድኃኒት በጊዜ ብዛት አልበቃ ያለውን ሰው ማንም «ራስህን አልጠበቅህም» አይለውም፤ ከመጠን ያለፈ ውፍረትም እንደዚያው ዕድሜ ልክ የሚከታተሉት በሽታ ነው። እርግጥ የአመጋገብ ድርሻ የለም አልልም፤ ጣፋጭ መጠጦችና ለስላሳ ምግቦች ጠባቡን ጨጓራ ያለ ችግር ያልፉታልና ቀኑን ሙሉ ጥቂት በጥቂት የሚቀምስ ሰው ሳይጠግብ ብዙ ሊወስድ ይችላል። ይህ ግን ከምርመራ በኋላ ከሥነ ምግብ ባለሙያ ጋር የሚነገር እንጂ አስቀድሞ የሚፈረድ ጉዳይ አይደለም።

ድጋሚ ቀዶ ጥገና የሚደረግላቸው ሰዎች ታሪክም አንድ ዓይነት አይደለም። በጨጓራቸው ላይ የሲሊኮን ቀለበት የታሰረላቸው ብዙዎች ቀለበቱ ተንሸራትቶ ወይም የጨጓራውን ግድግዳ በልቶ ወደ ውስጥ ገብቶ እንዲወጣላቸው ሆኗል፤ በአንድ ወቅት በሰፊው ይሠራ የነበረው ይህ ዘዴ ዛሬ እየቀረ የሄደውም በዚህ የተነሣ ነው። ባይፓስ በተደረገላቸው ላይ ደግሞ ከረጢቷና አንጀቱ የተገናኙበት ቦታ ሊቆስል ይችላል፤ በተለይ በሚያጨሱና እንደ አይቡፕሮፌን ያሉ ማስታገሻዎችን በሚወስዱ ላይ። አንጀት በውስጥ ክፍተት ገብቶ ሲታነቅ ድጋሚው ቀዶ ጥገና ሕይወት ለማዳን ይሆናል። ለአንዳንዶች እንዲያውም ሁለተኛው ከመጀመሪያው የታቀደ ነበር፤ ስሊቭ ራሱ መጀመሪያ እጅግ ከባድ ክብደት ላላቸው ሰዎች የሁለት ደረጃ ቀዶ ጥገና የመጀመሪያ ምዕራፍ ሆኖ ነው ሥራ ላይ የዋለው።

ስለዚህ ፈቃድዎን ከመስጠትዎ በፊት ምክንያቱ ተለይቶ እንዲነገርዎ ይጠይቁ። የመጀመሪያው ቀዶ ጥገና ዘገባ ሊነበብ፣ ኢንዶስኮፒ (በአፍ በሚገባ ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ የሚደረግ ምርመራ) እና ነጭ ፈሳሽ ተጠጥቶ የሚነሣ ራጅ ሊታዩ፣ የአሲዱም መጠን በምግብ ቧንቧው ውስጥ ሊለካ ይገባል። ቱቦው ጠቦ ወይም ወደ ደረት ወጥቶ ከተገኘ፣ ወይም ቃሩ ሽፋኑን ጎድቶ ከሆነ፣ መለወጡ ተገቢ ምክንያት አለው። ቅርጹ ደኅና ሆኖ ችግሩ ክብደት ብቻ ቢሆን ግን እኔ በቅድሚያ የምመክረው እንደ ሴማግሉታይድ ያሉትን የምግብ ፍላጎት የሚቀንሱ መድኃኒቶች ከሐኪም ጋር መመካከርን ነው። ሁለተኛው ቀዶ ጥገና በጠባሳ መካከል የሚሠራ በመሆኑ ስፌት የማፍሰስና የመድማት አደጋው ከመጀመሪያው ይበልጣል፤ የሚቀነሰውም ኪሎ አብዛኛውን ጊዜ ያነሰ ነው። ባይፓስ 38 ኪሎ እንደገና ይቀንስልኛል ብለው ከገቡ ሊያዝኑ ይችላሉ፤ ቃሩን ለማስታገስ ከሆነ ግን ተስፋዎ የተሻለ መሠረት አለው።

እስከ ምርመራው ድረስ ከመተኛትዎ 3 ሰዓት በፊት ምግብ ያቁሙ፤ የአልጋዎን ራስጌ ከፍ ያድርጉ። ምግብ መዋጥ ቢያስቸግርዎት፣ ደም ቢያስመልስዎት ወይም ሰገራዎ እንደ ሬንጅ ቢጠቁር ቀጠሮዎን ሳይጠብቁ ወደ ሐኪም ይሂዱ።