የተከራየሁበት ኮንዶሚኒየም መኪናዬን ቻርጅ እንዳላደርግ ሊከለክለኝ ይችላል?

ጥያቄ፦ “አዲስ አበባ ውስጥ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ተከራይቼ ከባለቤቴና ከልጆቼ ጋር እኖራለሁ። በዕቁብም በብድርም ብዬ ቢዋይዲ ሲጋል የኤሌክትሪክ መኪና ገዝቼ ራይድ እየሠራሁ ነው። ማታ ማታ ገመድ በበረንዳ አውርጄ ግቢ ውስጥ ቻርጅ አደርግ ነበር። የእኔ መስመር ሲዳከም ደግሞ፣ አልዋሽም፣ ከደረጃው መብራት መስመር የሳብኩባቸው ሌሊቶች አሉ። ከሳምንታት በፊት የብሎኩ ኮሚቴ ሊቀመንበር ጥበቃውን ልኮ ገመዴን አስቆረጠው። ‘ግቢው ማደያ አይደለም’ ተባልኩ። አከራዬ ይህን ሰምተው ‘ወይ በወር 3,000 ብር ጨምር፣ ወይ ልቀቅ’ አሉኝ። ካሊፎርኒያ ያለው ወንድሜ የሕንፃ ማኅበር ቻርጀር መከልከል አይችልም፣ ሕግ አለ ይለኛል። አንድ ጎረቤቴም ከእኔ ቆጣሪ በሂሳብ እንዳስሞላው እየጠየቀኝ ነው። መንግሥት ራሱ የነዳጅ መኪና አይግባ ብሎ ሲያበቃ እነዚህ እንዴት ይከለክሉኛል?”

መልስ፦ ከመጨረሻው ልነሳ፤ ይህን ክርክር በየቀኑ እሰማዋለሁ። የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በጥር 2016 ኤሌክትሪክ ያልሆነ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መወሰኑን ይፋ አድርጓል። ለኤሌክትሪክ መኪኖችም የታክስና የቀረጥ እፎይታ ተሰጥቷል። እነዚህ ውሳኔዎች ግን የሚመለከቱት አስመጪውንና ጉምሩክን ነው። የእርስዎ ኮሚቴ ግቢውን ለቻርጅ እንዲከፍት የሚያስገድደው ቃል አንድም ቦታ የላቸውም። ስብሰባ ላይ ይህን ይዘው ቢነሱ ጭብጨባ ያገኙ ይሆናል፤ ፍርድ ቤት ግን አይረዳዎትም።

ወንድምዎ ያሉት ለአገራቸው ልክ ነው። የካሊፎርኒያ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 4745 የቤት ባለቤቶች ማኅበር የቻርጀር ተከላን ያለ በቂ ምክንያት እንዳያግድ ይከለክላል። ለተከራይም በአንቀጽ 1947.6 ተመሳሳይ መብት አለ። ነገር ግን ወንድምዎ ያልነገሩዎት ግማሽ አለ፦ እዚያም ቢሆን ነዋሪው በጽሑፍ ማመልከት፣ ሥራውን ፈቃድ ባለው ባለሙያ ማሠራትና የተከላውንም የመብራቱንም ወጪ ራሱ መሸፈን አለበት። በበረንዳ ገመድ ማንጠልጠልን የሚፈቅድ ሕግ እዚያም የለም። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ለይቶ የተጻፈ “የቻርጅ መብት” ስለሌለ፣ የእርስዎ ጉዳይ የሚታየው በነባሮቹ ሕጎች ነው፦ በፍትሐ ብሔር ሕጉ፣ በኮንዶሚኒየም አዋጁ፣ በኪራይ አዋጁና በኢነርጂ አዋጁ።

በእነዚህ ሕጎች ዓይን ጉዳይዎ በሁለት ጥያቄ ይከፈላል። መብራቱ የሚመጣው ከማን ቆጣሪ ነው? ገመዱ የሚያልፈው በማን ይዞታ ላይ ነው?

ከቤትዎ ቆጣሪ በሚመጣው መብራት ኮሚቴው አያገባውም። ሂሳቡን እስከከፈሉና መስመሩ የሚችለውን ያህል እስከተጠቀሙ ድረስ እንጀራ ይጋግሩበት መኪና ይሙሉበት የእርስዎ ጉዳይ ነው። ገመዱ ከበረንዳው ወጥቶ ቁልቁል ሲወርድ ግን ነገሩ ይለወጣል። በአዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት የኮንዶሚኒየም ቤት ባለቤት ቤቱን ለብቻው፣ ግቢውን፣ ደረጃውን፣ የውጭ ግድግዳውንና የመኪና ማቆሚያውን ደግሞ ከሌሎቹ ጋር በጋራ ይይዛል። የጋራውን የሚያስተዳድረው በሕግ ሰውነት ያለው የቤት ባለቤቶች ማኅበር ነው፤ የሚተዳደረውም በመተዳደሪያ ደንቡና በጠቅላላ ጉባኤው ነው። አከራይዎ ለእርስዎ ሊያስተላልፉ የሚችሉት ራሳቸው ያላቸውን ብቻ ነው። ስለዚህ በግቢው መጠቀም ይችላሉ፤ መኪና ማቆምም፣ ማለፍም። በጋራ ግድግዳ ላይ መስመር መዘርጋት ወይም ሰው በሚመላለስበት መንገድ ላይ ገመድ ማሳለፍ ግን የማኅበሩን ፈቃድ ይጠይቃል። ኮሚቴው “ገመድህን አንሳ” ማለቱ መብቱ ነው።

መቁረጡ ግን መብቱ አይደለም። ኮሚቴ ዳኛም ፖሊስም አይደለም። ይነሣ ብሎ በጽሑፍ ማስጠንቀቅ፣ አልሰማ ካሉ በደንቡ መሠረት እርምጃ መውሰድ፣ ከዚያም ፍርድ ቤት መሄድ ይችል ነበር። ለአስቸኳይ አደጋ ቢሆን ኖሮ እንኳ ገመዱን ከሶኬት ማስነቀል ይበቃ ነበር። የሌላውን ሰው ንብረት ሆን ብሎ ማበላሸት በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 689 ያስጠይቃል፤ ይህ በግል አቤቱታ የሚቀርብ ወንጀል ነው፤ ድርጊቱን ካወቁበት ቀን ጀምሮ በሦስት ወር ውስጥ ካላመለከቱ ያልፍዎታል። ለካሳው ደግሞ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2028 አለ፦ በጥፋቱ ጉዳት ያደረሰ ይክሳል። መቀሱን የያዘው ጥበቃው ቢሆንም፣ በሥራው ላይ እያለ ያደረሰው ስለሆነ በአንቀጽ 2129 ማኅበሩ ራሱ ተጠያቂ ሊሆን ይችላል። እኔ ብሆን ጥበቃውን አልከስም፤ ደመወዙ የታወቀ ነው፣ ትእዛዝም ፈጽሟል። ለካሳ ክሱ የይርጋ ጊዜው ሁለት ዓመት ነው።

ካሳው ምን ያህል ይሆናል? የቻርጀሩ ገመድ ዋጋ በደረሰኝ። በተጨማሪም ገመዱ ከተቆረጠ ወዲህ በክፍያ ጣቢያ ለመሙላት ከቤት ዋጋ በላይ ያወጡት ልዩነት። ኢትዮ ቴሌኮም ቦሌና መገናኛ በከፈታቸው ጣቢያዎች እየሞሉ ከሆነ ክፍያው በቴሌብር ስለሆነ ማስረጃው ስልክዎ ውስጥ አለ፤ አያጥፉት፣ አትመው ያስቀምጡት። ሆኖም ብዙ አይጠብቁ። አንቀጽ 2098 ተጎጂው ራሱ ለጉዳቱ አስተዋጽኦ ካደረገ ካሳው እንዲቀነስ ይፈቅዳል፤ ልጆች በሚጫወቱበት ግቢ ላይ ያለ ፈቃድ የተንጠለጠለ ገመድ ለዳኛው ጥሩ ሥዕል አይሰጥም።

አሁን ወደ ደረጃው መብራት እንምጣ። እዚህ ላይ ጠንከር ብዬ ልናገር፤ ጥያቄዎን ሳነብ በጣም ያሳሰበኝ ይኸው ነው። የደረጃው አምፖልና የውኃ ፓምፑ የሚሠሩበት ቆጣሪ የጋራ ነው፤ ሂሳቡን ጡረተኛዋ ጎረቤትዎም ይከፍሉታል። ከዚያ ያለ ፈቃድ መሳብ ገመድ እንደ መስቀል ያለ የደንብ ጥፋት ብቻ አይደለም፤ የወንጀል ክስ ሊያስከትል የሚችል ድርጊት ነው። ኮሚቴው እስካሁን ይህን ካላነሳው ምናልባት አላወቀም፤ ወይም ለስብሰባው አስቀምጦታል። እርስዎ ቀድመው ሌሊቶቹን ቆጥረው፣ ተመጣጣኙን ሂሳብ ለማኅበሩ ገቢ አድርገው ደረሰኝ ይቀበሉ። መክፈል ጥፋቱን ባይፍቀውም የመጥፎ ልቦና ክርክሩን ያዳክመዋል። ይህ ሳይስተካከል በተቆረጠው ገመድ ጉዳይ ፖሊስ ጣቢያ አይሂዱ፤ ከሳሽ ሆነው ገብተው ተከሳሽ ሆነው ይወጣሉ።

ስለ አከራይዎ። በአዋጅ ቁጥር 1320/2016 የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል በጽሑፍ ሆኖ ተቆጣጣሪው አካል ዘንድ መመዝገብ አለበት፤ አዲስ አበባ ላይ ይህ የሚሆነው በወረዳ ነው። የውሉ ዘመን ከሁለት ዓመት አያንስም፤ ጭማሪም የሚደረገው በዓመት አንዴ፣ ይፋ በተደረገው መጠን ነው። በቃል “3,000 ጨምር” የሚባል ነገር እዚህ ማዕቀፍ ውስጥ አይገባም፤ “ልቀቅ”ም እንዲሁ አዋጁ በዘረዘራቸው ምክንያቶችና ሥርዓት ካልሆነ አይሠራም። ውልዎ መመዝገቡን አልጻፉልኝም። ካልተመዘገበ ነገ ሳይሆን ዛሬ ያስመዝግቡት።

ይሁንና አከራይዎ ዝም ብለው ጨካኝ ሆነው አይመስለኝም። ቆጣሪው በስማቸው ነው። የሲጋል ባትሪ እንደ ሞዴሉ 30 ወይም 38 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይይዛል፤ ቀኑን ሙሉ ታክሲ የሚሠራ ሰው አብዛኛውን በየሌሊቱ ይሞላል። ይህ ብቻውን በወር ከ500 ኪሎዋት ሰዓት ሊያልፍ ይችላል፤ 500 ደግሞ የመኖሪያ ቤት ታሪፍ ከፍተኛው እርከን የሚጀምርበት ነው። ሂሳቡ ቢወዘፍ ተጠያቂው ደንበኛ እሳቸው ናቸው። ስለዚህ ኪራይ መጨመሩን ትተው፣ በውሉ ላይ ተጨማሪ ስምምነት ይጻፉ፦ የመብራት ሂሳቡን ሙሉ በሙሉ እርስዎ እንደሚከፍሉ፣ በየወሩ የክፍያውን ማረጋገጫ እንደሚልኩላቸው፣ በቻርጁ ምክንያት በቤቱ መስመር ላይ ለሚደርስ ብልሽት እርስዎ እንደሚጠየቁ፣ ሲለቁም የዘረጉትን አንስተው እንደነበረ እንደሚመልሱ። በሕግ የተቋቋመ ውል ባደረጉት ሰዎች ላይ ሕግ ነው ይላል የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1731። አብዛኛው አከራይ ይህን ወረቀት ካየ ስለ 3,000ው ይለዝባል።

ጎረቤትዎን በሂሳብ ማስሞላት? አይሞክሩት። በኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810/2006 ኤሌክትሪክ መሸጥ ፈቃድ የሚያስፈልገው ሥራ ነው፤ ከዚያም በላይ በአከራይዎ ስም ባለው ቆጣሪ ነው የሚነግዱት። ጎረቤትዎ ከእርስዎ ጋር አብረው ለማኅበሩ ቢያመለክቱ ይሻላል፤ ሁለት ፊርማ ያለው ማመልከቻ እንደ አንድ ሰው ጭቅጭቅ አይታይም።

ማመልከቻውን ከመጻፍዎ በፊት የጎረቤቶችዎን ፍርሃት ይረዱ። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ገደማ ይስባል፤ ያም ለአንድ ሁለት ሰዓት ነው። በ16 አምፔር የሚሠራ የእጅ ቻርጀርም ያንኑ ያህል ይስባል፤ ግን ሌሊቱን ሙሉ። ሁሉም ቤት ምጣድ ስላለው “ያንተ ምን ልዩ ነው?” ብለው መከራከር ይችላሉ፤ ልዩነቱ ግን ያ ርዝመት ነው። ለብረት ካውያ የተሠራ ቀጭን ኤክስቴንሽን ሌሊቱን ሙሉ ሲሠራበት ይግላል፤ ፕላስቲኩ ይቀልጣል፤ የሶኬቱ አፍ ይጠቁራል። አስቀድመው የቤትዎን ሶኬት ይዩት፤ ጠቁሮ ከሆነ ኮሚቴው ያለው ስጋት መሠረት አለው።

ይህ የእርስዎም ስጋት መሆን አለበት። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2081 የመኪና ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ነው። መኪናዎ ቻርጅ ላይ እያለ እሳት ቢነሳና የጎረቤት መኪና ቢቃጠል “ተኝቼ ነበር፣ አላጠፋሁም” መከላከያ አይሆንም። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 የሚገዙት የሦስተኛ ወገን መድን ቆሞ ቻርጅ በሚደረግ መኪና የሚነሳ እሳትን ይሸፍን እንደሆነ ፖሊሲዎን አውጥተው ያንብቡ፤ ግልጽ ካልሆነ ለመድን ድርጅቱ በጽሑፍ ይጠይቁ፤ መልሱንም ያስቀምጡ። መኪናው ለታክሲ እንደሚሠራም ተናግረዋል? “የግል መገልገያ” ብለው አስመዝግበው ከሆነ ከእሳቱም በፊት ችግር አለብዎት።

ማመልከቻው ለኮሚቴው ሳይሆን ለማኅበሩ ይጻፍ፤ ጉዳዩ በጠቅላላ ጉባኤ አጀንዳ እንዲያዝም ይጠይቁ። የመተዳደሪያ ደንቡን ቅጂ አስቀድመው ይውሰዱ፤ በጋራ ንብረት ላይ ለውጥ ለማድረግ ስንት ድምፅ እንደሚያስፈልግ እዚያ ነው የሚያገኙት። እርስዎ ተከራይ ስለሆኑ አከራይዎ አብረው ይፈርሙ፤ በጉባኤው ድምፅ ያላቸውም እሳቸው ናቸው። የኃይል መጠን ማሳደግ ካስፈለገ ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት የሚያመለክቱት ደንበኛው ስለሆኑ እዚያም አከራይዎ ወይም የእሳቸው ውክልና ያስፈልጋል። ይዘቱ ከዚህ ብዙ ባይርቅ ጥሩ ነው፦

“በቤት ቁጥር ___ ካለው የራሴ ቆጣሪ የሚነሳ፣ የራሱ ብሬከርና ኧርዝ ያለው፣ በቱቦ የተሸፈነ መስመር የብቃት ማረጋገጫ ባለው የኤሌክትሪክ ባለሙያ በራሴ ወጪ ዘርግቼ፣ ማኅበሩ በሚወስንልኝ የማቆሚያ ቦታ ከምሽቱ 4፡00 እስከ ንጋቱ 12፡00 ብቻ መኪናዬን ቻርጅ እንዳደርግ እንዲፈቀድልኝ እጠይቃለሁ። ለሚደርስ ጉዳት ኃላፊነት እወስዳለሁ፤ ቤቱን ስለቅ መስመሩን አንስቼ ቦታውን እንደነበረ እመልሳለሁ።”

ሰዓቱን መገደብዎ ታስቦበት ነው፤ በዚያን ጊዜ ብዙው ምጣድና ምድጃ ጠፍቷል፤ የብሎኩ መስመርም ይቀለዋል። ካሊፎርኒያዎቹ የሚጠይቁት ቅድመ ሁኔታም ከዚህ ብዙ አይለይም፤ ወንድምዎ የጠቀሱትን ሕግ በዚህ መልኩ ለጉባኤው እንደ ምሳሌ ማቅረብ ይችላሉ፤ እንደ ማስፈራሪያ ግን አይሁን።

ጉባኤው ምክንያት ሳይሰጥ ከከለከለ፣ ወይም ለሌላ ሰው የፈቀደውን ለእርስዎ ከነፈገ፣ ያኔ ውሳኔው ከደንቡ ጋር መስማማቱ በፍርድ ቤት እንዲመረመር መጠየቅ ይቻላል። ያለ ማመልከቻ ግን የሚመረመር ውሳኔ አይኖርም። ሁለት ቅጂ ያዘጋጁ፤ አንዱ ላይ ተቀባዩ ቀንና ፊርማ ያኑርልዎት፤ አልቀበልም ካለ በአደራ ደብዳቤ በፖስታ ይላኩት፤ የፖስታ ቤቱን ደረሰኝ ከቴሌብር ማስረጃዎቹ ጋር አንድ ፋይል ውስጥ ያስቀምጡ።