ሄሊኮፕተር ቆመ የሚባለው መቼ ነው? ከገላን አሽከርካሪዎች ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

ማኅበራችን ገላን ላይ ባደረገው ስብሰባ የቀረቡልኝን ጥያቄዎች ከነመልሶቻቸው ጽፌአቸዋለሁ። ብዙዎቻችን ነዳጅ፣ ውሃና የግንባታ ዕቃ ጭነን በቦሌና በቢሾፍቱ መካከል እንመላለሳለን፤ አንዳንዶቻችንም በይለፍ ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ግቢ እንገባለን። እኔ የማውቀው እዚያ ግቢ ውስጥ ስነዳ፣ ኋላም ሾፌሮች ሳሠለጥን ያየሁትን ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ አውሮፕላን ሲመጣ ቆመን እናሳልፋለን። ሄሊኮፕተር ከዚያ በምን ይለያል?

መልስ፦ አውሮፕላን የተሰመረለትን መስመር ይዞ ወደ ፊት ይሄዳል፤ በየት በኩል እንደሚያልፍ አስቀድመህ ታውቃለህ። ሄሊኮፕተር ወደ ጎን ይሄዳል፣ ወደ ኋላ ያፈገፍጋል፣ ባለበትም ይዞራል። ሲዞር ጅራቱ ሰፊ ቦታ ይጠርጋል፤ አብራሪው ደግሞ ጅራቱን አያየውም። ጎማ የሌለው፣ በሁለት የብረት ዘንጎች ላይ የሚቆመው ዓይነት ቦታ የሚቀይረው ከመሬት ጥቂት ከፍ ብሎ እየተንሳፈፈ ነው። ስለዚህ ለአውሮፕላን ከተሰመረው ቢጫ መስመር ውጭ መቆምህ ብቻ አያድንህም።

ጥያቄ፦ ከፍ ማለት ከቻለ በመኪናዬ ላይ ማለፍ ምን ያቅተዋል?

መልስ፦ ይህን በግልጽ በመጠየቅህ አመሰግንሃለሁ፤ ብዙ ሾፌር በልቡ የሚያስበው ይህንኑ ነው። ሄሊኮፕተር መሬት አጠገብ ሲንሳፈፍ ወደ ታች የሚገፋውን አየር መሬቱ ስለሚያግደው ባነሰ ጉልበት ይቆማል። ከፍ ባለ ቁጥር ያ ድጋፍ ይቀንሳል፤ የላይኛው ክንፍ የሚዞርበትን ስፋት ያህል ከወጣ በኋላማ የለም ማለት ይቻላል። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ክንፉ የሚይዘው አየር ያንሰዋል፤ የሞተሩም ጉልበት ይቀንሳል። የቀትር ሙቀት ሲታከልበት ይብሳል። ጭነት የያዘ ሄሊኮፕተር መሬት አጠገብ እየተንሳፈፈ፣ ከዚያ በላይ ለመውጣት ግን አቅም ሊያጣ ይችላል። የተጫነ ሲኖትራክ አቀበት ላይ እያቃሰተ ሳለ ፊቱ ብትገባበት ምን እንደሚሆን ታውቃለህ፤ እሱ ግን ቢያንስ ፍሬን አለው።

ጥያቄ፦ ነፋሱስ? ስንት ሜትር መራቅ አለብን?

መልስ፦ በአየር ላይ ለመቆም የራሱን ክብደት የሚመጥን አየር ወደ ታች መግፋት አለበት፤ ነፋሱ የሚመጣው ከዚያ ነው። በከፍታችን ላይ አየሩ ስለሳሳ፣ ያንኑ ክብደት ለመሸከም ከባሕር ዳርቻው ይልቅ በፍጥነት መግፋት ይኖርበታል። ትናንሽ አውሮፕላኖች ከሄሊኮፕተር እንዲርቁ የሚመከረው የሄሊኮፕተሩ ክንፍ የሚዞርበትን ስፋት ሦስት እጥፍ ነው፤ እኔ ለመኪናም ይህንኑ እይዛለሁ። ሚ-8 የሚባለው ትልቁ ሄሊኮፕተር ክንፉ 21 ሜትር ስፋት ይዞራል፤ ስለዚህ ከ60 ሜትር በላይ እርቃለሁ።

አንድ ቀን ሾፌር የፒካፑን በር ከፍቶ ፊርማ ሊያስፈርም ሲሮጥ አየሁ። ሄሊኮፕተሩ ተነሥቶ ወደ ጎን ዞረ። በሩ በማጠፊያው በኩል ወደ ፊት ተገነጠለ። በሩ በነበረበት ቦታ ሰው ቢኖር ኖሮ ብዬ እስከ ዛሬ አስባለሁ።

በተለይ በታኅሣሥና በጥር ከዱከምና ከቢሾፍቱ ዙሪያ ጭድ ጭናችሁ የምታልፉ አደራ። ካራገፋችሁ በኋላ የቀረው ጭድ፣ ያልታሰረ ሸራ፣ የተጣለ ፌስታል ነፋሱ ያነሣዋል፤ ሞተሩ ሊስበው ወይም ከክንፉ ጋር ሊጋጭ ይችላል። ከበሩ ከመግባታችሁ በፊት የጭነት ሳጥኑን ጥረጉ። የደረቀው ጥቁር አፈርም አብራሪው መሬቱን እንዳያይ የሚጋርድ አቧራ ይሆናል።

ጥያቄ፦ ሞተሩ ከጠፋ በኋላ መጠጋት ይቻላል?

መልስ፦ አይቻልም! ልቤን የሚያሳርረኝ ይህ ነው። ክንፉ በሙሉ ፍጥነት ሲዞር ጠንክሮ ይዘረጋል፤ ፍጥነቱ ሲቀንስ ግን ይለዝባል፣ ይንጠለጠላል። ነፋስ ሲመታው ጫፉ ከሰው ቁመት በታች ሊወርድ ይችላል። ክንፉ መዞር ሲጀምርና ሊቆም ሲል ያለው ጊዜ ነው አደገኛው። የጅራቱ ትንሽ ክንፍ ደግሞ ሲዞር ለዓይን አይታይም፤ ከኋላ በኩል በእግርም በመኪናም አትሂዱ። ቀዩ መብራት ብልጭ ድርግም እያለ ከሆነ ሞተሩ እየሠራ ነው ወይም ሊነሣ ነው። መብራቱ ጠፍቶ፣ ክንፉ ፈጽሞ ቆሞ፣ ከሠራተኞቹ አንዱ በእጁ እስኪጠራችሁ ድረስ ጠብቁ።

ጥያቄ፦ አምቡላንስ ነው የምነዳው። ሕመምተኛ ለመቀበል ስገባ ቅድሚያ የለኝም?

መልስ፦ እህቴ፣ መንገድ ላይ ያለሽ ቅድሚያ ከአውሮፕላን ማረፊያው በር አያልፍም። በዓለም አቀፉ ደንብ ተሽከርካሪ ሁሉ ለሚያርፍ፣ ለሚነሣና መሬት ላይ ለሚንቀሳቀስ አውሮፕላንና ሄሊኮፕተር ቅድሚያ ይሰጣል። ልዩ ቅድሚያ ያላቸው አደጋ ላይ ያለን አውሮፕላን ለመርዳት የሚሄዱት ናቸው። አጃቢ መኪና ጠይቂና ተከተይው፤ ወደ ሄሊኮፕተሩም ቀጥታ አትንጂ። ቃሬዛው ላይ ያለው አንሶላና ብርድ ልብስ በደንብ ይታሰር።

ጥያቄ፦ ሬዲዮዬ ቢበላሽ ከበረራ መቆጣጠሪያው ማማ ጋር እንዴት እገናኛለሁ?

መልስ፦ ወደ ማማው ተመልከት፤ በብርሃን ያናግሩሃል። ብልጭ ድርግም የሚል አረንጓዴ ተሻገር ወይም ቀጥል ማለት ነው። ሳያቋርጥ የሚበራ ቀይ ቁም ነው። ብልጭ ድርግም የሚል ቀይ ቦታውን ልቀቅ፣ አውሮፕላን ተጠንቀቅ ነው። ብልጭ ድርግም የሚል ነጭ ደግሞ በግቢው መመሪያ መሠረት ከሜዳው ውጣ ነው።

ጥያቄ፦ ቦቴ ይዤ ነዳጅ ልሞላለት ስጠጋ እንዴት ልቁም?

መልስ፦ ጋሽዬ፣ እርስዎ ከእኔ በላይ ስለ ቦቴ ያውቃሉ፤ ሁለት ነገር ብቻ ልጨምር። አፍንጫውን ወደ ሄሊኮፕተሩ አያዙሩ፤ እሳት ቢነሣ ወደ ኋላ ሳይሉ ወደ ፊት ነድተው የሚወጡበት መንገድ ክፍት ይሁን። ወደ ኋላ መንዳት የግድ ከሆነ በምልክት የሚመራዎ ሰው ሳይኖር አንድ ሜትርም አይንቀሳቀሱ። ከቱቦው በፊት በፍትጊያ የሚፈጠረውን ኤሌክትሪክ የሚያመጣጥነውን ሽቦ ያገናኙ፤ የእጅ ፍሬኑም ታኮውም ሳይረሳ።

ጥያቄ፦ ሱሉልታ አጠገብ ተዳፋት ሜዳ ላይ ሲያርፍ አይቻለሁ። እዚያስ?

መልስ፦ ሜዳው ሲያዘነብል ክንፉ በዳገቱ በኩል ወደ መሬት ይቀርባል። መኪናህን በዳገቱ በኩል አታቁም፤ ሰውም በዚያ በኩል አይጠጋ፣ አይውጣም። በቁልቁለቱ በኩል አብራሪው ሊያይህ በሚችልበት ቦታ ቁም። ረዳትህ ካቢን ውስጥ ይቀመጥ፣ መስታወት ይዘጋ። ኮፍያውን ነፋስ ቢወስድበት ሮጦ እንዳይከተለው አስቀድመህ ንገረው።