ከደመወዛችሁ ስለሚቆረጠው ሰባት በመቶና ስለ ቤት ኪራይ

የተከበራችሁ ወጣት ሠራተኞች፣

ከ1985 ዓ.ም. ጀምሮ፣ 60 ዓመት ሞልቶኝ በጡረታ እስከተሰናበትሁበት እስከ 2015 ዓ.ም. ድረስ፣ አዲስ አበባ ውስጥ በተለያዩ የግል ድርጅቶች በሒሳብ ሠራተኛነት አገልግያለሁ። ከዚህ ዘመን አብዛኛውን ያሳለፍሁት የሠራተኞችን ደመወዝ በመሥራት ነው። ወር በገባ ቁጥር አዲስ የተቀጠሩ ልጆች የደመወዝ ወረቀታቸውን ይዘው ይመጡና «ለጡረታ የተቆረጠው ይህ ሁሉ ነው? የቤት ኪራዬን በቅጡ ሳልከፍል ለ60 ዓመቴ የማስቀምጠው ለምንድን ነው?» ብለው ይጠይቁኝ ነበር። ያን ጊዜ ሥራ ስለሚጣደፍብኝ «ሕግ ነው ልጄ» ብዬ እሸኛቸው ነበር። ጥያቄያቸው ግን ከዚህ የተሻለ መልስ ይገባው ስለነበር ዛሬ ረዘም አድርጌ ልመልሰው።

የግል ድርጅት ሠራተኛ ከሆናችሁ ከወር ደመወዛችሁ ላይ ሰባት በመቶ ይቆረጣል፤ አሠሪያችሁ ደግሞ ከራሱ 11 በመቶ ይጨምርበታል። ደመወዛችሁ 15,000 ብር ቢሆን ከእናንተ 1,050 ብር፣ ከአሠሪው 1,650 ብር፣ በድምሩ 2,700 ብር በየወሩ ገቢ ይደረጋል ማለት ነው። ወጣቱ የሚያየው የተቀነሰበትን 1,050 ብር ብቻ ነው፤ አሠሪው የሚጨምረው በእጁ ስለማያልፍ አይታየውም። ደግሞም ይህ ገንዘብ እንደ ባንክ ደብተር በየስማችን የሚጠራቀም ስላልሆነ «ለቤት መግዣ ላውጣው» ቢሉት የሚወጣበት መንገድ የለም። በስማችሁ የሚጠራቀመው ብሩ ሳይሆን የአገልግሎት ዘመናችሁ ነው። ቢያንስ 10 ዓመት አገልግሎ 60 ዓመት የሞላው ሠራተኛ፣ ከመውጣቱ በፊት በነበሩት ሦስት ዓመታት ሲከፈለው ከነበረው አማካይ ደመወዝ 30 በመቶውን በየወሩ እስከ ዕድሜ ልኩ ያገኛል። ከአሥሩ ዓመት በላይ ለሠራው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይታከልለታል፤ ጣሪያው 70 በመቶ ነው። 30 ዓመት ያገለገለ ሰው እንግዲህ 55 በመቶ ያገኛል።

የእኔን ልንገራችሁ። ሥራ በጀመርሁበት ዘመን የጡረታ ሕግ የሚሸፍነው የመንግሥት ሠራተኛውን ነበር። የግል ድርጅት ሠራተኛ በአዋጅ የጡረታ መብት ያገኘው በ2003 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 715 ነው፤ አሁን በሥራ ላይ ያለው ደግሞ እርሱን የተካው አዋጅ ቁጥር 1268/2014 ነው። ከ2003 በፊት እኔ የነበርሁበት ድርጅት ፕሮቪደንት ፈንድ የሚባል፣ ሠራተኛው ሥራ ሲለቅ የሚወስደው የቁጠባ ገንዘብ ነበረው፤ እኔም አሠሪውም በየወሩ እናዋጣ ነበር። በ1998 ዓ.ም. መሥሪያ ቤት ስቀይር የተጠራቀመው ሁሉ በአንድ ቼክ ተሰጠኝ። በዚያው ሰሞን የምንኖርበት ቤት ተሸጦ ልቀቁ ተባልን፤ አዲሱ አከራይ የስድስት ወር ኪራይ በቅድሚያ ጠየቀን። ከቼኩ ላይ ከፈልሁ። እስከዚህ ድረስ ግድ ነበር፤ ሜዳ ላይ መውደቅ አይቻልም። የቀረውን ግን በቤት ዕቃና በዘመድ ሠርግ ጨረስሁት፤ ይህ ግድ አልነበረም። የ13 ዓመት ቁጠባ በአራት ወር ውስጥ አለቀ። ለጡረታዬ የተቆጠረልኝ ከ2003 ወዲህ ያለው 12 ዓመት ብቻ ስለሆነ የማገኘው 32.5 በመቶ ነው። 30 ዓመት ሙሉ አንድም ወር ሥራ ፈትቼ አላውቅም።

ስለዚህ አጥብቄ የምለምናችሁ የመጀመሪያው ነገር፣ ከጡረታ ውጭ የሚያስቀራችሁን ሥራ በቀላሉ አትቀበሉ የሚል ነው። «ጡረታ አንቆርጥም፣ ሙሉውን በእጅህ እንሰጥሃለን» የሚል ቀጣሪ የሚያተርፈው የራሱን 11 በመቶ ነው። እናንተ ሰባቱን በመቶ ያገኛችሁ ይመስላችኋል፤ የምታጡት ግን 18 በመቶ መዋጮና የአገልግሎት ዘመን ነው። ሠራተኛው በመሐል ቢሞት ለትዳር ጓደኛው የሚተርፈው የጡረታው ግማሽም አብሮ ይቀራል።

ከዚህ የረቀቀና ብዙዎች የማያስተውሉት ጉዳይ ደግሞ የደመወዝና የአበል አከፋፈል ነው። መዋጮውም ሆነ ጡረታው የሚሰላው በደመወዙ እንጂ በቤት፣ በትራንስፖርት ወይም በኃላፊነት አበል አይደለም። ሁለት ሠራተኞች በወር 20,000 ብር ያገኛሉ እንበል፤ የአንዱ ሙሉው ደመወዝ ነው፣ የሌላው 12,000 ደመወዝና 8,000 አበል ነው። ሁለቱም 30 ዓመት አገልግለው በዚሁ ክፍያ ቢወጡ የፊተኛው 11,000 ብር፣ የኋለኛው 6,600 ብር ጡረታ ያገኛሉ። አበሉ ዛሬ ኪራይ ለመክፈል ያግዛል፤ ነገር ግን በ60 ዓመታችሁ አይከተላችሁም። ለዕድገት ስትደራደሩ፣ በተለይም ዕድሜያችሁ ከ50 ካለፈ በኋላ፣ ጭማሪው ደመወዙ ላይ እንዲሆን ጠይቁ። እኔ ራሴ የደመወዝ ሰነድ እየሠራሁ ይህን ለባልደረቦቼ አለማስረዳቴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

አሁን ወደ ቤቱ ልምጣ። ከላይ ያልሁት ሁሉ ቢሟላም እንኳ፣ 55 በመቶ የሚሆን ጡረታ እንደ አዲስ አበባ ያለ ከተማ ኪራይ ከፍሎ ሽማግሌን አይመግብም። በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ በዓመት ከ30 በመቶ በላይ ነበር፤ ጡረታ በዚያ ፍጥነት አያድግም፣ ኪራይ ግን ይከተለዋል። ስለዚህ ጡረታና ቤት ሁለት የተለያዩ ዕቅዶች ናቸው ብላችሁ አትለያዩአቸው። መዋጮው በሕግ እየተቆረጠ ይሄዳልና የእናንተ ብርታት የሚያስፈልገው 60 ዓመት ሲሞላችሁ ከኪራይ ነፃ ለመሆን ነው።

እኔ ለኮንዶሚኒየም የተመዘገብሁት በ1997 ዓ.ም. ነው፤ ዕጣ የደረሰኝ በ2011 ዓ.ም. ነው። በ14 ዓመት ውስጥ አምስት ጊዜ ቤት ለቅቄያለሁ። በ2005 ዓ.ም. በ20/80 እና በ40/60 የመንግሥት የቤት ፕሮግራሞች (ተመዝጋቢው ከቤቱ ዋጋ 20 ወይም 40 በመቶውን ቆጥቦ ቀሪውን በባንክ ብድር የሚከፍልባቸው) ተመዝግበው በየወሩ ሳያቋርጡ የቆጠቡና ብዙ የጠበቁ ወዳጆች አሉኝ። መቆጠባቸውን አላጥላላም፤ የቅድሚያ ድርሻውን ያልቆጠበ ሰው ዕጣው ቢደርሰው እንኳ ይቸገራል። ሆኖም ሙሉ ተስፋን በዕጣ ላይ መጣል ልክ አይደለም። አቅም ያላችሁ የምትተማመኑባቸው ሰዎች ካሉ በቤት ማኅበር ተደራጁ፤ የትውልድ ከተማችሁ ውስጥ በአቅማችሁ የሚገኝ ቤት ካለ አትናቁት። ለቅድሚያ ክፍያ የሚሆነውን ለማጠራቀም ዕቁብ ከባንክ ደብተር የሚሻልበት ጊዜ አለ፤ ገንዘቡ ቶሎ በእጅ ገብቶ ወደ ንብረት ይለወጣልና። ነገር ግን ዕቁቡ የሚወጣበት ቀን ሳይደርስ ገንዘቡ የሚገባበትን ለይታችሁ ጻፉ፤ እኔ ቼኩን በተቀበልሁ ጊዜ ያልሠራሁት ይህንን ነው።

እስከዚያው በኪራይ ስትኖሩ ከደመወዛችሁ ከሲሶ በላይ ለኪራይ እንዳይወጣ ታገሉ፤ ከባድ መሆኑን አውቃለሁ፣ ሁለት ሆኖ መከራየት ወይም ከመሐል ከተማ መራቅ ያስፈልግ ይሆናል። ስትርቁ ግን የታክሲውን ወጪና የምታጡትን እንቅልፍ ጭምር አስሉ። አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የመኖሪያ ቤት የኪራይ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ የቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ደንግጓል። ይህ በ1998 ዓ.ም. ቢኖር ኖሮ ከቼኬ የአራት ወሩ ኪራይ ባልወጣ ነበር። ውላችሁን በጽሑፍ አድርጉ፣ አስመዝግቡትም፤ ብዙ ወጣት አከራዩን ላለማስቀየም ብሎ በቃል ይስማማና በስድስተኛው ወር ጭማሪ ሲጠየቅ የሚይዘው ያጣል።

ዛሬ ከጡረታዬ ላይ የቤቱን የባንክ ዕዳ በየወሩ እከፍላለሁ። ክፍያው ከጎረቤቶቼ ኪራይ እጅግ ያነሰ ነው፣ በየዓመቱም አይጨምርም፤ ባለቤቴና እኔ በቀረችው እንኖራለን፤ ልጆቻችንም ያግዙናል። ዕጣው አሥር ዓመት ቀድሞ ደርሶኝ ቢሆን ኖሮ አብዛኛውን ዕዳ በደመወዝ ዘመኔ እጨርሰው ነበር።

በዚህ ሳምንት ወደ መሥሪያ ቤታችሁ የሰው ሀብት ክፍል ሂዱና ሦስት ነገር ጠይቁ፦ የጡረታ መለያ ቁጥራችሁ ወጥቷል ወይ፣ የተመዘገበው ደመወዝ ከምትቀበሉት ጋር ይስማማል ወይ፣ የተቆረጠው መዋጮ በየወሩ ገቢ ሆኗል ወይ። ከዚህ ቀደም ሌላ ቦታ ሠርታችሁ ከሆነ የዚያን አገልግሎት ማስረጃም ዛሬውኑ አውጡ፤ ድርጅት ይዘጋል፣ ሰነድ ይጠፋል፣ ፊርማችሁን የሚያውቅ ሰውም ሥራ ይለቃል። እኔ በ2015 ዓ.ም. የአንድ ዓመት አገልግሎቴን ለማረጋገጥ ሰባት ወር ተመላልሻለሁ።