አገዳው ሞልቶ ላሟ ለምን ከሳች?

ጥያቄ፦ «የምኖረው ቃሉ፣ ከሐርቡ ወጣ ብሎ ነው። ሁለት ላሞች አሉኝ፤ አንዷ ትታለባለች። አህያና ጥቂት ዶሮዎችም አሉኝ። የማሽላ አገዳና የጤፍ ጭድ አላጣሁም። ላሟ ግን ግማሹን ትረግጠዋለች፤ ወተቷም አንድ ሊትር አይሞላም። ልጆቼ የማሽላ እንጀራ በሽሮ ጠግበው ይበላሉ፤ ትንሿ ግን ፊቷ ገርጥቷል። ፋጉሎ (የቅባት እህል ዘይቱ ተጨምቆ የሚቀረውን መኖ) ሁልጊዜ ለመግዛት አቅም የለኝም። ምን ላድርግ?»

እህቴ፣ የላሟንና የልጅዎን ነገር አብረው ማንሳትዎ ትክክል ነው። ሁለቱም ሆዳቸው ይሞላል፣ ገላቸው ግን ከበሉት የሚያገኘው ጥቂት ነው። ብዙው መፍትሔ እጅዎ ላይ ባለው ነገር አዘገጃጀት ላይ ነው።

ከላሟ ልጀምር። ጠዋት ግርግሙን አንዴ ይዩት። ቅጠሉ ተበልቷል፣ ቀጭኑ ጫፍም ተበልቷል። የቀረው አውራ ጣት የሚያህለው ወፍራም ግንድ ነው። ላሟ ቀብጣ አይደለም፤ ግንዱ እንደ እንጨት ስለጠነከረ ሆዷ ቶሎ አይፈጨውም። የአገዳው ምርጡ ክፍል ቅጠሉ ነው። እሱ ደግሞ ማሳ ላይ ከቆየ ይደርቅና ይረግፋል። ስለዚህ ዛላው እንደተቆረጠ አገዳውን ሰብስበው ዝናብና ፀሐይ የማያገኘው ቦታ ይከምሩት። ሲሰጧት በገጀራ ከ3 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር አድርገው ይከታትፉት። ማታ ትንሽ የጨው ውሃ አርከፍክፈውበት ይደር። ይቺ ብቻዋን እግር ስር የሚቀረውን ብዙ ትቀንስልዎታለች።

ከዚህ የሚበልጠው ግን ጭዱንና የተከታተፈውን አገዳ በዩሪያ ማከም ነው። ያው ለማዳበሪያ የሚገዙት ዩሪያ ነው። ወርዱም ርዝመቱም ጥልቀቱም አንድ አንድ ሜትር የሆነ ጉድጓድ ይቆፍሩ። በደንብ ከተረገጠ 100 ኪሎ ገደማ ጭድ ይይዛል። ውስጡን ላስቲክ ያልብሱት። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውሃ ይሙሉና 1 ኪሎ ዩሪያ ሟሙቶ እስኪያልቅ ይበጥብጡ። 20 ኪሎ ጭድ ያንጥፉ፣ አንዱን ጀሪካን እኩል ያርከፍክፉ፣ ይርገጡት። ይህን አምስት ጊዜ ይደግሙታል። ከዚያ በላስቲክ ሸፍነው አፈር ይጫኑበት፤ አየር መግባት የለበትም። እንደ ሐርቡ ባለ ሞቃት ቦታ በ21 ቀን ይደርሳል። ደሴ ዙሪያ ብርዱ ስላለ አንድ ሳምንት ይጨምሩለት።

ሲከፍቱት ዓይን የሚያቃጥል ኃይለኛ ሽታ ይወጣል፣ ቀለሙም ወደ ቡናማ ይሄዳል። አትደንግጡ፣ ተሳካ ማለት ነው። የዕለቱን ብቻ አውጥተው ሽታው እስኪወጣ ያናፍሱት፣ ጉድጓዱን መልሰው ይክደኑ። ላሟ መጀመሪያ ታሸተውና ዞር ትል ይሆናል። ከለመደችው ጋር እየቀላቀሉ በጥቂቱ ያስለምዷት።

አደራ የምልዎት ነገር አለ። ከስድስት ወር በታች ላለ ጥጃና ለአህያዎ አይስጡ፤ ሆዳቸው ለዚህ አልተሠራም። ዩሪያ የተበጠበጠበትን ውሃ ከብት ከቀመሰው ሊሞት ይችላል፤ የተረፈ ካለ ወዲያው ይድፉት። ማሽላን በተመለከተም፣ ከታጨደ በኋላ ያቆጠቆጠውን ለጋና ድርቅ የመታውን ቡቃያ ላሟ እንዳትግጥ ይጠብቋት። ለምለም ሆኖ ዓይን ይማርካል፤ ግን መርዝ አለው፣ ባጭር ጊዜ ይገድላል።

ፋጉሎዋን ለሁለቱም ላሞች አያካፍሉ። የምትታለበዋ ትቅደም። ኮምቦልቻ ሲወጡ ከዱቄት ፋብሪካዎች የሚወጣውን ፉርሽካ ዋጋ ይጠይቁ፣ ከፋጉሎ ጋር ሲቀላቀል ያበረክታል። ከቢራ ፋብሪካ የሚወጣው የብቅል ተረፈ ምርትም ጥሩ መኖ ነው፤ እርጥብ ስለሆነ ግን በቆላው ሙቀት ቶሎ ይበላሻል፣ በብዛት አይውሰዱ። ውሃም አይርሱ። ወተት ከ100 እጅ 87ቱ ውሃ ነው። በቀን አንዴ ወንዝ ወርዳ የምትመለስ ላም ወተቷን ከየት ታምጣው?

አሁን ወደ ጓዳ እንግባ። ትንሿን ልጅ መጀመሪያ ጤና ኬላ ያሳዩዋት። የፊት መገርጣት ከወስፋትም ከወባም ሊመጣ ይችላል፣ ይህን በምግብ ብቻ አንፈታውም። ማሽላ በሽሮ ራሱ ጥሩ ገበታ ነው፤ ማሽላ የሚያንሰውን የገንቢ ምግብ ዓይነት ጥራጥሬው ይሞላለታል። ችግሩ እህልና ጥራጥሬ ውስጥ ደም የሚሆነውን የብረት ማዕድን አስሮ የሚይዝ ነገር መኖሩ ነው። እርሾ ይህን ይፈታል። ስለዚህ ሊጡን አይቸኩሉበት፣ በደንብ ይቡካ። ባቄላውን ያሳድሩትና ውሃውን ይድፉት። ጉንቁል ካደረጉትማ ይበልጥ ይሻላል። ወጡ ላይ ቲማቲም ወይም ቃሪያ ይከትፉ፣ ሎሚም ካለ ጠብ ያድርጉ፤ ብረቱ ወደ ደም እንዲገባ ያግዛል። ጎመንና ዱባ ሲሠሩ ዘይት አይለያቸው።

ቡናና ሻይ ግን ብረቱን መልሰው ያስሩታል። የወሎ ሰው ቡናውን ይተው አልልም። ከምግብ አንድ ሰዓት ያህል ይቆይ። ለልጆቹ ቁርስ ላይ ሻይ አይስጡ። ዶሮዎቹ ከሚጥሉት እንቁላል ሁሉንም ገበያ አያውጡ፣ ለትንሿ በሳምንት ጥቂቱን ያስቀሩላት።

የመጨረሻው ሻጋታ ነው፤ በረቱንና ጓዳውን የሚያገናኘው እሱ ነው። የሻገተ ፋጉሎ ወይም እህል «ለሰው አይሆንም» ተብሎ ለላም ሲሰጥ ደጋግሜ አይቻለሁ። የአንዳንዱ ሻጋታ መርዝ በላሟ በኩል ወተቱ ውስጥ ይገባል፤ ወተቱን ማፍላትም አያጠፋውም። ላሟ የበላችውን ልጅዎ ትጠጣዋለች። ፋጉሎ ሲገዙ ሰብረው ያሽቱት። ቤትም ከመሬት ከፍ አድርገው፣ ከግድግዳ አርቀው ያስቀምጡት። የሻገተውን ለዶሮም አይበትኑ፤ ይቅበሩት።