ሹራቡ በጭንቅላቷ አላልፍ አለ

ዛሬ አራት ደብዳቤዎች ይዤ መጥቻለሁ። ሁሉም ስለ ሕፃናት የኪሮሽ ልብስ የሚጠይቁ ናቸው። የመጀመሪያው ረዘም ያለ መልስ ስለሚፈልግ ብዙውን ቦታ ለእሱ ሰጥቻለሁ።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ የመጀመሪያ ልጄን ለመውለድ ሁለት ወር ቀርቶኛል። ኪሮሽ ከጀመርኩ ገና ስድስት ወሬ ነው። በራሴ እጅ ሹራብ ልሥራለት ብዬ ከአንገቱ ጀምሬ ጨረስኩ። የእህቴን የሦስት ወር ልጅ አልብሼ ልሞክር ብል በጭንቅላቷ አላልፍ አለ። ሰውነቱ ግን ሰፊ ነው። ምን አጥፍቼ ነው? ለጀማሪ የሚሆን ቀለል ያለ አሠራርስ አለ?

መልስ፦ ልጄ፣ ይህ በእኔም ደርሷል። ለመጀመሪያ ልጄ የሠራሁት ቢጫ ሹራብ ጆሮዋ ላይ ደርሶ ቀጥ አለ። ወደ ታች ብጎትተው እምቢ፣ ወደ ላይ ብመልሰው እምቢ። ልጅቷ ስትጮህ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። በመጨረሻ ወጣላት፤ ጆሮዋ ግን ቀልቶ ነበር። ያን ዕለት ማታ ሹራቡን ተርትሬ ክሩን መልሼ ጠቀለልኩት። ከዚያ ወዲህ ዓመት ላልሞላው ልጅ በጭንቅላት የሚጠለቅ ሹራብ ሠርቼ አላውቅም። የምሠራው ሁሉ ፊቱ ክፍት ነው።

ያጠፋሽው ነገር ቢኖር ሕፃኑን እንደ ትንሽ አዋቂ ማሰብሽ ነው። የሕፃን ጭንቅላት ለሰውነቱ ትልቅ ነው። ሲወለድ የጭንቅላቱ ዙሪያ 35 ሴ.ሜ ገደማ ነው፤ ደረቱ እንዲያውም ከዚያ ትንሽ ያንሳል። በሦስት ወሩ ጭንቅላቱ 40 ሴ.ሜ አካባቢ ይደርሳል፣ ዓመት ሲሞላው 46 ገደማ። አንገቱ ደግሞ ቀጭን ነው። አንቺ ለአንገቱ እንዲልክ አድርገሽ ጀመርሽ፤ ልብሱ ግን ወደ አንገት ከመድረሱ በፊት በጭንቅላት ማለፍ አለበት።

ሌላም ምክንያት አለ። የመነሻ ሰንሰለት እንደ ሌላው የሥራው ክፍል አይለጠጥም። ጀማሪ ሲሆኑ ደግሞ እጅ ያጠብቃል። ሁለቱ ሲደመሩ አንገቱ እንደ ገመድ ይሆናል። ለዚህ ቀላል መላ አለው፦ ሹራቡን በ4 ሚሊ ሜትር መርፌ የምትሠሪ ከሆነ የመነሻውን ሰንሰለት ብቻ በ5 ሚሊ ሜትር ሥሪ፤ ከዚያ ወደ 4 ተመለሺ።

የጨረስሽውን ተርትሪው። ያሳዝናል፣ አውቃለሁ፤ ክሩ ግን አይባክንም። በልቃቂት ሳትጠቀልይ በወንበር መደገፊያ ዙሪያ ጠምጥመሽ፣ በአራት ቦታ ላላ አድርገሽ እሰሪው። ለብ ባለ ውኃ ነክረሽ ሳትጨምቂ ስቀይው። መኮማተሩ ይለቃል።

አሁን ወደ ቀላሉ አሠራር ልምጣ። እኔ በጣም የምወደው ከሁለት ባለ ስድስት ማዕዘን ቁራጮች የሚሠራውን ሹራብ ነው። የአንገት ሰንሰለት የለውም። እጅጌ ለብቻው ተሠርቶ አይቀጠልበትም። ፊቱም ክፍት ነው።

«ረጅም ቋጠሮ» የምለው ክሩን አስቀድመሽ በመርፌው ላይ አንዴ ጠምጥመሽ የምትሠሪውን ነው። አራት ሰንሰለት ሥሪና ጫፍና ጫፉን አገናኝተሽ ቀለበት አድርጊው። በቀለበቱ ውስጥ ሁለት ረጅም ቋጠሮ፣ ቀጥሎ አንድ ሰንሰለት። ይህን ስድስት ጊዜ ደጋግሚ። በየዙሩ መጀመሪያ ከፍ ለማለት የምትሠሪያቸው ሦስት ሰንሰለቶች እንደ አንድ ረጅም ቋጠሮ ይቆጠራሉ። ዙሩን ስትዘጊ ስድስት ትንንሽ ቀዳዳዎች ታያለሽ። ማዕዘኖችሽ እነሱ ናቸው። ከሁለተኛው ዙር ጀምሮ በእያንዳንዱ ቋጠሮ አናት ላይ አንድ ቋጠሮ ትሠሪያለሽ። ማዕዘን ላይ ስትደርሺ በቀዳዳው ውስጥ ሁለት ቋጠሮ፣ አንድ ሰንሰለት፣ እንደገና ሁለት ቋጠሮ። እያንዳንዱ ጎን በየዙሩ በ4 ቋጠሮ ያድጋል። መጀመሪያ 2፣ ከዚያ 6፣ ከዚያ 10። ቁጥሩ ከተዛባብሽ አንድ ማዕዘን ዘለሻል ማለት ነው።

ሦስተኛው አራተኛው ዙር ላይ ሥራው ጠፍጣፋ አልሆን ይልሻል። ጠርዙ ይወዛወዛል፣ ጠረጴዛ ላይ አይተኛም። ብዙዎች እዚህ ጋ ተሳሳትኩ ብለው ይተረትራሉ። አትተርትሪ፣ መሆን ያለበት እንደዚያው ነው። ከአንዱ ጎን መሃል ወደ ተቃራኒው ጎን መሃል እጠፊው። ትርፉ ቦታውን ያገኝና ቁራጩ እንደታጠፈ ክንድ ይሆናል። አንዱ ክንፍ እጅጌ፣ ሌላው የሰውነቱ ግማሽ። እኔ የመጀመሪያውን ጊዜ ሳጥፈው ብቻዬን ተቀምጬ «አሃ!» ብዬ ጮኼያለሁ።

የት ላይ ማቆም እንዳለብሽ ለማወቅ ሒሳቡ አጭር ነው። የአንዱ ጎን ርዝመት በሁለት ሲባዛ የሹራቡን የደረት ዙሪያ ይሰጥሻል። ጎኑ 25 ሴ.ሜ ሲደርስ ሹራቡ 50 ይሆናል። ይህ የስድስት ወር ልጅ ከሥሩ ሌላ ልብስ ለብሶም ይበቃዋል። ለአራስ እንዲሆን ከፈለግሽ 22 ላይ አቁሚ። እኔን ከጠየቅሽኝ ግን ትልቁን ሥሪ። አራስነት ቶሎ ያልፋል።

ሁለተኛውን ቁራጭ እንደ መጀመሪያው ሠርተሽ ሁለቱን ጀርባ ላይ ከላይ እስከ ታች ስፊያቸው። ትከሻውን ከእጅጌው ጫፍ ጀምረሽ ወደ አንገት ስፊ፤ በእያንዳንዱ በኩል ወደ 6 ሴ.ሜ ለአንገት ተዪ። እጅጌው አፉ ሰፊ ስለሚሆን አልፎ አልፎ ሁለት ቋጠሮ አንድ ላይ እየሰበሰብሽ ጥቂት ዙር ጨምሪና አጥብቢው። ክንዱንም ያረዝምልሻል። ቁልፍ ከፈለግሽ አንድ ከላይ ይበቃል። ዋናው ነገር አጥብቀሽ መስፋትሽ ነው፦ በሙሉ ኃይልሽ ጎትተሽ ሞክሪው። የወለቀ ቁልፍ ቀጥታ አፍ ነው የሚገባው።

ጥያቄ፦ ጓደኛዬ በጣም ለስላሳ፣ ፀጉራም ክር ሰጠችኝ። ለሕፃን ይሆናል? ካልሆነስ ጥጥ ይሻላል ወይስ ሱፍ?

መልስ፦ ፀጉራሙን ለራስሽ ሻርፕ አድርጊው። ፀጉሩ ይረግፋል፤ ሕፃን ደግሞ የለበሰውን ሁሉ ይጠባል። አፉ ውስጥና አፍንጫው ውስጥ ይገባል።

ጥጥ ቆዳ አይኮረኩርም፣ ላብ ይመጥጣል፣ ለሙቀት ጊዜ ጥሩ ነው። ግን ከባድ ነው፣ አንዴ ከተለጠጠም ቶሎ አይመለስም። ሱፍ ይሞቃል፤ በሙቅ ውኃ ካሹት ግን ይኮማተርና ለአሻንጉሊት ብቻ የሚሆን ልብስ ሆኖ ይወጣል። አክሪሊክ ለማጠብ አያስቸግርም፤ ካውያ ግን አይችልም፣ ይቀልጣል። የሕፃን ልብስ በየቀኑ ነው የሚታጠበው። ስለዚህ ከክሩ ውበት በፊት ልብሱን የሚያጥበው ሰው ጊዜ ይኖረው እንደሆነ አስቢ። በስጦታ የምሰጠውን ሁሉ በማሽን ከሚታጠብ ክር እሠራለሁ።

ልቃቂቱን አንገትሽ ሥር አድርገሽ ትንሽ ቆይበት። አንቺን ከኮረኮረ ሕፃኑን ይበልጥ ይኮረኩረዋል። ስትገዢ ደግሞ በወረቀቱ ላይ ያለው የማቅለሚያ ዙር ቁጥር («lot» የሚለው) በሁሉም ልቃቂት ላይ አንድ መሆኑን እዪ። አንድ ዓይነት የሚመስሉ ሁለት ነጮች ሲሠሩ ሁለት ነጭ ይሆናሉ።

ጥያቄ፦ አባት ነኝ። ሚስቴ አራስ ሆና ሳለ ኪሮሽ ተምሬ ለልጃችን የእግር ሹራብ ሠራሁ። ቆንጆ ነው፣ ግን አንድ ደቂቃ እግሩ ላይ አይቆይም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ እጅህ ይባረክ። የሚወልቀው አጭር ስለሆነ ነው። የሕፃን እግር ክብ ነገር ነው፤ ተረከዙ ገና ስላልወጣ የሚይዘው የለም። የሚይዘው ከቁርጭምጭሚት በላይ ያለው ክፍል ነው። ከ5 እስከ 6 ሴ.ሜ ወደ ላይ አስረዝመው። ያን ክፍል በአጭር ቋጠሮ (ክሩን አስቀድመህ መርፌው ላይ ሳትጠመጥም በምትሠራው)፣ የቋጠሮውን የኋላ ክር ብቻ እያነሳህ ወደ ጎን ከሠራኸው እንደ ላስቲክ ይለጠጣል። ከዚያ አጥፈህ ታለብሰዋለህ። ማሰሪያ ገመድ አያስፈልግህም።

አሁን ግን ከመውለቁ የሚበልጥ ነገር ልንገርህ። ሹራቡን ገልብጠውና ጣትህን ውስጡ አስገብተህ ዳብሰው። የተንጠለጠለ ክር አለ? ቀለም ስትቀይር ከውስጥ ያሻገርከው ረጅም ክርስ? እንዲህ ያለ ክር፣ አንዲት የፀጉር ዘለላም ጭምር፣ በሕፃን የእግር ጣት ላይ ተጠምጥሞ ደም ሊያቆም ይችላል። ልጁ ያለምክንያት ካለቀሰ የእግሩን ሹራብ አውልቀህ ጣቶቹን አንድ በአንድ እያቸው። አንዱ ብቻ ቀልቶ ካበጠና ክሩ ወዲያው ካልወጣ ሐኪም ዘንድ ሩጥ። እንዲህ እንዳይሆን ሹራቡን ስትጨርስ ሳትቸኩል የተረፉትን የክር ጫፎች በመስፊያ መርፌ ወደ አንድ አቅጣጫ፣ ከዚያ ወደ ኋላ፣ ከዚያ እንደገና ወደ ፊት አስገባቸው። ሦስቴ የተመላለሰ ክር በቀላሉ አይወጣም።

ጥያቄ፦ አያት ነኝ። ለልጅ ልጄ አገጭ ሥር በገመድ የሚታሰር፣ አበባ ያለው ኮፍያ ልሠራላት አስቤያለሁ። ሌሊት ተኝታም እንዲያሞቃት።

መልስ፦ እማማ፣ ኮፍያውን ይሥሩላት፤ ገመዱን ግን ይተዉት። አንገት ሊያንቅ ይችላል። አበባውንም ከሠሩት ዙሪያውን አጥብቀው ይስፉት። ደግሞም ቤት ውስጥ ስትተኛ ኮፍያ አያስፈልጋትም። ሕፃን ትርፍ ሙቀቱን ከሚያስወጣባቸው ዋና ቦታዎች አንዱ ጭንቅላቱ ነው። በእንቅልፍ ጊዜ ከመጠን በላይ መሞቅ ለሕፃናት አደገኛ ነው፤ ኮፍያውም ተንሸራቶ ፊቷን ሊሸፍን ይችላል። ለውጭ ይሁንላት።

ያለ ገመድ እንዳይወልቅ ከጭንቅላቷ 2 ሴ.ሜ አጥብበው ይሥሩት፤ ይለጠጣል። የጭንቅላቷ ዙሪያ 40 ከሆነ ኮፍያው 38 ይሁን። ከአናቱ በክብ ሲጀምሩ ክቡ ከዳር እስከ ዳር 12 ሴ.ሜ ሲሆን መጨመሩን ያቁሙና ቀጥ አድርገው ይውረዱ። ጆሮዋን መሸፈኑን እያለበሱ ይለኩ፤ ተኝታ ሳለች ቢለኩ ይቀልዎታል።