በወረርሽኝ ጊዜ ማን ያዝዛል? ስለ አሜሪካ ስቴቶችና ከተሞች የቀረቡ ጥያቄዎችና መልሶች

በኮቪድ-19 ወቅት የአሜሪካ ስቴቶችና ከተሞች ስለወሰዷቸው እርምጃዎች የቀረቡልኝን ጥያቄዎች ከዚህ በታች እመልሳለሁ። ከ2020 የጸደይ ወራት (ከማርች እስከ ሜይ ካለው ጊዜ) ጀምሮ ለሁለት ዓመት ያህል በአንድ ካውንቲ (በስቴት ሥር ያለ የአካባቢ አስተዳደር) ጤና ቢሮ ውስጥ በንክኪ ልየታ፣ ማለትም ቫይረሱ ከተገኘበት ሰው ጋር የተገናኙትን ፈልጎ በማስታወቅ ሥራ ላይ ስለቆየሁ፣ አንዳንዱን ከሕጉ፣ አንዳንዱን ደግሞ በየቀኑ በስልክ ካነጋገርኋቸው ቤተሰቦች ተነሥቼ ነው የምመልሰው። ዓመተ ምሕረቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ጥያቄ፦ ፕሬዚዳንቱ አገሩን በሙሉ በአንድ ቀን መዝጋት አይችሉም ነበር?

አይችሉም። በሕገ መንግሥቱ 10ኛ ማሻሻያ መሠረት ለፌዴራሉ መንግሥት ተለይቶ ያልተሰጠ ሥልጣን የስቴቶች ነው፤ የሕዝብን ጤና የመጠበቅ ሥልጣንም ከጥንት ጀምሮ በዚሁ ሥር ሲቆጠር ኖሯል። ፌዴራሉ መንግሥት የውጭ መንገደኛ እንዳይገባ መከልከል፣ ገንዘብ መመደብና መመሪያ ማውጣት ይችላል፤ ትምህርት ቤትንና ምግብ ቤትን የመዝጋት ውሳኔ ግን የአገረ ገዥው ነው።

ይህ ሥልጣን እስከ ምን ድረስ እንደሚሄድ የተፈተነው በፈንጣጣ ነው። በ1902 በማሳቹሴትስ ስቴት የኬምብሪጅ ከተማ የጤና ቦርድ ነዋሪው እንዲከተብ አዘዘ፤ ሄኒንግ ጄኮብሰን የተባሉ ፓስተር አልከተብም በማለታቸው 5 ዶላር ተቀጡ። ክርክሩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1905 በ7 ለ2 ድምፅ ለስቴቱ ተፈረደ። በ2020 የወጡት ትእዛዞች አብዛኞቹ ፍርድ ቤት ሲቀርቡ የተጠቀሰው ይኸው ውሳኔ ነበር።

ጥያቄ፦ ከተማና ካውንቲስ የራሳቸው ሥልጣን አላቸው?

ከተማ ያለው ሥልጣን ስቴቱ የሰጠው ነው፤ ስቴቱ የሰጠውንም መልሶ መውሰድ ይችላል። የስቴቶቹ ሕግ ደግሞ አንድ ዓይነት ስላልሆነ፣ የሁለት ከተሞችን እርምጃ ከማወዳደራችን በፊት እያንዳንዳቸው ምን እንዲያደርጉ ተፈቅዶላቸው እንደነበር ማየት ይገባል።

በካሊፎርኒያ የካውንቲ ጤና ኃላፊዎች የአገረ ገዥውን ፈቃድ ሳይጠብቁ ትእዛዝ ማውጣት ይችላሉ። ማርች 16 ቀን 2020 በሳን ፍራንሲስኮ ባሕረ ሰላጤ ዙሪያ ያሉ 6 ካውንቲዎች የራሷ ጤና ቢሮ ካላት ከበርክሊ ከተማ ጋር ሆነው ነዋሪው ከቤት እንዳይወጣ አዘዙ፤ ትእዛዙም በዚያው ሌሊት ጸና። አገረ ገዥው መላ ስቴቱን ያዘዙት ከሦስት ቀን በኋላ ማርች 19 ነው። በኒው ዮርክ ግን ከንቲባ ቢል ደ ብላዚዮ ማርች 17 ሕዝቡ ለእንደዚህ ዓይነት ትእዛዝ እንዲዘጋጅ ሲናገሩ፣ አገረ ገዥ አንድሩ ኩዎሞ ይህ የከንቲባ ሥልጣን አይደለም ብለው መለሱላቸው። የስቴቱ ትእዛዝ ማርች 20 ተነግሮ ማርች 22 ማታ ሥራ ላይ ዋለ። ቫይረሱ በየጥቂት ቀኑ እጥፍ በሚሆንበት በዚያ ወቅት ያለፉት አምስት ቀናት ቀላል አልነበሩም፤ ሁለቱ ባለሥልጣናት በሕግ ትርጉም ሲነጋገሩ የከተማው ሆስፒታሎች ይሞሉ ነበር። እኔ እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ይህ ነው።

ጥያቄ፦ አገረ ገዥውና ከንቲባው በግልጽ ሲጋጩ ማን ይረታል?

በሕግ ደረጃ ብዙውን ጊዜ አገረ ገዥው። በጆርጂያ አገረ ገዥ ብራያን ኬምፕ በጁላይ 2020 ከተሞች ማስክን ግዴታ እንዳያደርጉ ከከለከሉ በኋላ የአትላንታዋን ከንቲባ ኪሻ ላንስ ባተምስን ፍርድ ቤት ከሰሱ። ክሱን በኦገስት አንሥተው ከተሞች በተወሰነ ሁኔታ ማስክ እንዲያዝዙ ፈቀዱ፤ በመካከሉ ያለው አንድ ወር ግን ነዋሪው የትኛውን መታዘዝ እንዳለበት ሳያውቅ ያለፈ ወር ነው።

ቴክሳስ ለየት ይላል። አገረ ገዥው የአካባቢ መስተዳድሮች ማስክ ያላደረገን ግለሰብ እንዳይቀጡ ከልክለው ነበር። ሳን አንቶኒዮ የምትገኝበት የቤክሳር ካውንቲ ዳኛ ኔልሰን ዎልፍ (በቴክሳስ የካውንቲ ዳኛ ማለት የካውንቲው አስተዳዳሪ ማለት ነው) በጁን 2020 ግለሰቡን ትተው የንግድ ድርጅቶች ደንበኞቻቸውን ማስክ እንዲያስደርጉ አዘዙ። አገረ ገዥው ይህ ከትእዛዛቸው ጋር እንደማይጋጭ ተናገሩ፤ ሌሎች ካውንቲዎችም ተከተሉ። ጁላይ 2 ቀን አገረ ገዥው ራሳቸው በአብዛኛው የስቴቱ ክፍል ማስክን ግዴታ አደረጉ። የሕጉን ቃል በቅጡ ያነበበ የአካባቢ ባለሥልጣን ምን ያህል መሥራት እንደሚችል ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

ጥያቄ፦ ፍርድ ቤቶች የሻሯቸው ትእዛዞችስ?

የዊስኮንሲን ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሜይ 13 ቀን 2020 የስቴቱን ከቤት ያለመውጣት ትእዛዝ በ4 ለ3 ሻረ፤ ሚልዋኪ ከተማና ማዲሰን የምትገኝበት የዴን ካውንቲ ግን የራሳቸውን ትእዛዝ ይዘው ቀጠሉ። የሚሺጋን ጠቅላይ ፍርድ ቤት ኦክቶበር 2 ቀን 2020 አገረ ገዥዋ የተደገፉበትን የ1945 ሕግ ውድቅ ሲያደርግ፣ የስቴቱ ጤና መሥሪያ ቤት በሕዝብ ጤና ሕጉ ተደግፎ ተመሳሳይ ትእዛዝ አወጣ። የፌዴራሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደግሞ ኖቬምበር 25 ቀን 2020 ኒው ዮርክ በአምልኮ ቦታዎች ላይ የጣለችውን የ10 እና የ25 ሰው ገደብ በ5 ለ4 አገደ። ፍርድ ቤቱ የተቃወመው ገደብ መጣሉን አልነበረም፤ ቤተ ክርስቲያንና ምኵራብ ከመደብር ይልቅ መጥበቃቸውን ነው።

ጥያቄ፦ ቶሎ መዝጋት በእርግጥ ለውጥ አምጥቷል? ወይስ ኋላ የተባለ ነገር ነው?

በጣም ግልጹን ማስረጃ የምናገኘው ከ1918ቱ ኢንፍሉዌንዛ ነው። በፊላደልፊያ በሲቪል ነዋሪዎች መካከል የመጀመሪያዎቹ ሕሙማን የተመዘገቡት ሴፕቴምበር 17 ነው፤ ከተማው ግን ሴፕቴምበር 28 የጦርነት ቦንድ መሸጫ ታላቅ ሰልፍ አካሄደ፣ 200,000 ያህል ሰው ወጣ። ትምህርት ቤትና ቲያትር የተዘጋው ኦክቶበር 3 ነው። በሴንት ሉዊስ የመጀመሪያዎቹ ሕሙማን ኦክቶበር 5 ተገኙ፤ የጤና ኮሚሽነሩ ማክስ ስታርክሎፍ ኦክቶበር 7 ከተማውን መዝጋት ጀመሩ። ሞት በበረታበት ሳምንት ፊላደልፊያ ከመደበኛው በላይ ከ100,000 ሰው 257 ስትቀብር፣ ሴንት ሉዊስ 31 ቀበረች።

ነገር ግን ብዙ ጊዜ የማይነገረው ክፍል አለ፦ ሴንት ሉዊስ በኖቬምበር ክልከላውን ስታላላ በሽታው መልሶ አገረሸባትና እንደገና ለመዝጋት ተገደደች። መዝጋት ጊዜ ይገዛል፤ የተገዛው ጊዜ ደግሞ አልጋ፣ ነርስና ምርመራ ካልተዘጋጀበት ይባክናል። በ2020 ብዙ ስቴቶች መዝጋቱ ላይ ባይዘገዩ እንኳ የገዙትን ጊዜ አልተጠቀሙበትም የሚል ግምት አለኝ።

ጥያቄ፦ ገንዘቡ ከየት መጣ? ዋና ከተማዋ ዋሽንግተን ዲሲ ለምን ያነሰ አገኘች?

ከቨርሞንት በስተቀር ሁሉም ስቴቶች ማለት ይቻላል በጀታቸውን ያለ ጉድለት እንዲያጸድቁ ሕግ ያስገድዳቸዋል፤ የሽያጭ ግብር ሲቀንስ ተበድረው ደመወዝ መክፈል አይችሉም። በ2020 የጸደይ ወራት ከ1 ሚሊዮን በላይ የስቴትና የአካባቢ መስተዳድር ሥራዎች የጠፉት፣ አብዛኞቹም በትምህርት ዘርፍ የሆኑት ከዚህ የተነሣ ነው። ማርች 27 ቀን 2020 የወጣው የፌዴራል ሕግ 150 ቢሊዮን ዶላር ቢመድብም፣ ከአካባቢ መስተዳድሮች በቀጥታ መቀበል የቻሉት ከ500,000 በላይ ነዋሪ ያላቸው ከተሞችና ካውንቲዎች ብቻ ነበሩ፤ ገንዘቡም የጎደለን የግብር ገቢ እንዳይሞላ ተከልክሎ ነበር። በማርች 2021 የወጣው ሕግ 350 ቢሊዮን መድቦ ትንንሾቹን ከተሞችም አካተተ።

ዋሽንግተን ዲሲ ነዋሪዋ ከቨርሞንትም ከዋዮሚንግም ይበልጣል። እያንዳንዱ ስቴት ቢያንስ 1.25 ቢሊዮን ዶላር ሲያገኝ፣ እርሷ በ2020ው ሕግ ስቴት ካልሆኑት የአሜሪካ ግዛቶች ጋር ተቆጥራ ግማሽ ቢሊዮን ያህል ብቻ ደረሳት፤ ልዩነቱ የተካካሰው በ2021 ነው። ግብሩን እንደ ማንኛውም ስቴት ነዋሪ ለሚከፍል የዲሲ ሰው ይህ በደል ነበር፤ ሌላ ስም አላገኝለትም።

ጥያቄ፦ የንክኪ ልየታ ለምን አልሠራም? ሰው ስለማይተባበር ነው?

ይህ ጥያቄ የእኔ ሥራ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልመልሰው።

አንድ ሰው ቫይረሱ ሲገኝበት ላቦራቶሪው ለጤና ቢሮው ያስታውቃል፤ እኛ ደውለን ከማን ጋር እንደተገናኘ እንጠይቃለን፤ ከዚያ ለተጠቀሱት ሰዎች እንደውላለን። ሰንሰለቱ የሚሠራው የምርመራው ውጤት በአንድ ወይም በሁለት ቀን ሲደርስ ነው። በ2020 ክረምት መግቢያ ላይ፣ በጁላይ አካባቢ፣ ውጤቱ ሳምንት የሚፈጅበት ጊዜ ነበር፤ እኔ ስደውል ሰውየው ሕመሙን ጨርሶ ሥራ ገብቶ አገኘዋለሁ።

ስልኩን ያነሡልኝ ሰዎች አብዛኞቹ ጨዋዎች ነበሩ። በአንድ ማታ ያነጋገርኋቸው አባት የሦስት ልጆቻቸውን ዕድሜ፣ የመኝታ ክፍሎቹን ብዛት፣ መታጠቢያ ቤቱ አንድ መሆኑን በትዕግሥት ከነገሩኝ በኋላ፣ «ልጄ፣ ያልሽኝን ሁሉ አደርጋለሁ፤ ኪራዩን ግን ማን ይከፍልልኛል?» አሉኝ። በቅጹ ላይ ለዚህ መልስ የሚሆን መስመር አልነበረም። የምግብ ካርቶን እንዲላክላቸው መዘገብሁ፤ ካርቶኑ የደረሰው በዘጠነኛው ቀን ነበር። ሥራ ባልደረቦቻቸውን ሊነግሩኝ አልፈለጉም፤ እነርሱም ደመወዝ እንዳይቀርባቸው ሰግተው ነው። እኚህን ሰው አልተባበሩም ማለት አልችልም።

ይህን የተረዱ ከተሞች ነበሩ። ሳን ፍራንሲስኮ በጁላይ 2020 ቫይረሱ ለተገኘባቸውና የሕመም ፈቃድ ለሌላቸው ሠራተኞች የሁለት ሳምንት ዝቅተኛ ደመወዝ መክፈል ጀመረች። ኒው ዮርክ ከቤተሰቡ ተለይቶ መቀመጫ ለሌለው ሰው የሆቴል ክፍል በነፃ ሰጠች። ትእዛዝ እንዲከበር የሚያደርገው ይህ ነው፤ ከቅጣት ይልቅ ኪራይ፣ ምግብና ክፍል።

ጥያቄ፦ በአማርኛ የሚወጡት መግለጫዎች ለምን ግራ ያጋቡ ነበር?

ከልምዴ አንዱን ልንገራችሁ። በእንግሊዝኛው ሁለት የተለያዩ ቃላት ነበሩ፦ አንዱ ቫይረሱ የተገኘበት ሰው ለ10 ቀን ከቤተሰቡም ጭምር የሚለይበት፣ ሌላው ንክኪ ያለው ሰው ለ14 ቀን ከቤት ሳይወጣ የሚጠባበቅበት። ቢሮው ያሠራው የአማርኛ ደብዳቤ ሁለቱንም «ለይቶ ማቆያ» ብሎ ተረጎማቸው። በዚህ የተነሣ ታማሚዋ እናት ከልጆቿ ጋር ሳሎን ስትቀመጥ፣ ጤነኛው ባል ብቻውን ክፍል ዘግቶ ያገኘሁበት ቤት አለ። ደብዳቤውን እንዲያርሙ ሦስት ጊዜ ጻፍሁ፤ እስኪታረም ሁለት ወር ፈጀ። እስከዚያው «ከቤተሰብዎ ይለዩ» እና «ከቤት አይውጡ» እያልሁ በቃል አስረዳ ነበር።

ጥያቄ፦ ክትባቱን ጥሩ አድርጎ ያዳረሰው የትኛው ስቴት ነው?

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ዌስት ቨርጂኒያ። የአረጋውያን መኖሪያዎችን ለመከተብ ፌዴራሉ ከትልልቅ የመድኃኒት ቤት ድርጅቶች ጋር ያዘጋጀውን ፕሮግራም ትቶ፣ በየከተማው ያሉ ትንንሽ መድኃኒት ቤቶችን ያሠራ ብቸኛ ስቴት ነው። ባለ መድኃኒት ቤቶቹ መኖሪያዎቹን አስቀድመው ያውቋቸው ስለነበር የመጀመሪያው ዙር በ2020 መጨረሻ ተዳረሰ።

ጥያቄ፦ ነገ ሌላ ወረርሽኝ ቢመጣ የምኖርበት ካውንቲ ያው ሥልጣን ይኖረዋል?

ላይኖረው ይችላል። በ2021 በርካታ ስቴቶች ይህን ሥልጣን በሕግ ቀንሰዋል። በኦሃዮ የሕግ አውጪው ምክር ቤት የጤና ትእዛዞችን መሻር እንዲችል ሆኗል፤ በፔንሲልቬንያ ሕዝቡ በሜይ 2021 በሰጠው ድምፅ የአገረ ገዥው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ያለ ምክር ቤቱ ፈቃድ ከ21 ቀን እንዳያልፍ ተወስኗል። የእርስዎን ለማወቅ የካውንቲውን የጤና ቦርድ ስብሰባ መከታተል በቂ ነው፤ ስብሰባው ለሕዝብ ክፍት ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ነዋሪም ጥቂት ደቂቃ ይናገራል። ሲሄዱ አንድ ነገር ይጠይቁልኝ፦ ታሞ ቤት ለሚቀመጥ ሠራተኛ ለኪራይ የተመደበ ገንዘብ አለ ወይ?