መስመር ላይ ያቆየሁት ሰው

ውድ ልጆቼ፣

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ ቤቴ መጣች። 22 ዓመቷ ነው። አዲስ አልበም ሲወጣ ቲክቶክ ላይ አስተያየቷን ትሰጣለች፤ ብዙ ሰው ያያታል። ቡና እየጠጣን ሳለ እንዲህ ብላ ጠየቀችኝ። «አክስትዬ፣ እናንተ ሬዲዮ በምትሠሩበት ጊዜ አድማጭ ስለ አዲስ ካሴት ምን ይል ነበር? እንደ አሁኑ ይሳደብ ነበር ወይስ ጨዋ ነበር?»

«ጨዋ ነበር» ልላት ነበር። በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው ሁሉ የሚለው እሱን ነው። ግን ቃሉ አፌ ላይ ቀረ። ጆሮዬ ላይ አንድ ድምፅ መጣብኝ። የልብስ ስፌት መኪና ድምፅ። ወሬ ቀየርኩባት። ከሄደች በኋላ ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ለእሷ ያልመለስኩትን ለሁላችሁም ልጻፈው ብዬ ተነሳሁ።

ከ20 ዓመት በላይ ሬዲዮ ውስጥ ሠርቻለሁ። ድምፄን ግን አታውቁትም። ከመስታወቱ ማዶ ነበርኩ። አቅራቢው ያወራል። ቴክኒሽያኑ ዘፈን ይለቃል። እኔ ስልክ አነሳለሁ፣ ሰዓት እቆጥራለሁ፣ ማን አየር ላይ እንደሚገባ እመርጣለሁ። ያኔ ይህ ሥልጣን መሆኑን አላውቅም ነበር። ስልክ ማንሳት ብቻ ይመስለኝ ነበር።

በ1992 ዓ.ም. ኤፍኤም አዲስ 97.1 ሲጀምር ለከተማው ትልቅ ነገር ነበር። በ2000 ዓ.ም. ሸገር 102.1 መጣ። ሌሎችም ተከተሉ። ታክሲው ውስጥ ሬዲዮ ነው። ፀጉር ቤቱም ሬዲዮ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ሬዲዮ ላይ የተባለው ነገር ሰኞ ቢሮ ውስጥ ይወራል። የምነግራችሁ የዚያን ጊዜ ነው። የነበርኩበትን ጣቢያ አልጠራም። የዘፋኟንም ስም አልጠራም።

ሰባት ዓመት ሙሉ ምንም አላወጣችም ነበር። አሜሪካ ነበረች። አንዳንዱ አገባች ይላል፤ አንዳንዱ ዘፈን ትታ መዝሙር ጀምራለች ይላል። ለፋሲካ ይወጣል ተባለ፤ ፋሲካ አለፈ። ለእንቁጣጣሽ ተባለ። ያኔ ሥራ የሚለቀቀው በዓል ተጠብቆ ነው። ሰው በግ ሲገዛ፣ ዶሮ ሲገዛ፣ አብሮ ካሴት ይገዛል። ፖስተሯ ከፒያሳ እስከ መርካቶ ተለጠፈ። እኛም በየቅዳሜው «ምን ትጠብቃላችሁ?» እያልን ሰዉን ስናጓጓ ከረምን። ይሄ ራሱ ጥፋት ይመስለኛል አሁን። ሰውን ሁለት ወር ሙሉ ካጓጓኸው በኋላ የትኛው ዘፈን ይበቃዋል?

ሐሙስ ወጣ። ካሴቱም ሲዲውም አብሮ። የቅዳሜው ፕሮግራም ሙሉ በሙሉ የእሷ ሆነ።

አቅራቢያችን ወደ ስቱዲዮ ሲገባ ፊቱ ደስ አይልም። «ሰባት ዓመት ጠብቀን ይኼን?» አለኝ ኮሪደሩ ላይ። አንዴ ነው የሰማው። እኔም አንዴ ነው የሰማሁት፤ ያውም ማታ ሽሮ እየሠራሁ።

የመጀመሪያው ደዋይ ከሜክሲኮ አካባቢ ነበር። «በገዛሁበት ብር ሻይ ብጠጣበት ይሻለኝ ነበር» አለ። አቅራቢው ሳቀ። ቴክኒሽያኑ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ከዚያ ስልኮቹ ሁሉ ባንዴ ጮኹ።

ማንም ምንም አላዘዘኝም። ግን ምን እንደሚፈለግ ገባኝ። ስልክ አነሳለሁ። «ከየት ሰፈር ነው? ስለ ካሴቱ ምን ሊሉን ነው?» እላለሁ። ሰውየው «ወድጄዋለሁ» ካለ «ትንሽ ቆይተው ይደውሉ» እለዋለሁ። የሚያማርር ከሆነ «መስመር ላይ ይቆዩ» ብዬ አስገባዋለሁ። በክፋት አልነበረም። የወደደ ሰው አየር ላይ ሲወጣ «በጣም ቆንጆ ነው፣ በርቺ በሉልኝ» ብሎ ይዘጋል። የተናደደ ሰው ያወራል። ፕሮግራሙን ያሞቀዋል። እኔ የማስበው ሰዓቱ እንዲሞላ ብቻ ነበር።

ከኮልፌ አንድ ሰው ደወለ። ልብስ ሰፊ ነኝ አለኝ። ረጋ ያለ ድምፅ ነው። እሱ ሲያወራ የስፌት መኪናው ዝም ይላል። እኔ ሳወራ ደግሞ መልሶ ይረግጠዋል።

«እኔ የምናገረው ስለ አንድ ዘፈን ብቻ ነው» አለኝ። «ካሴቱ ሲገለበጥ ሁለተኛው። መሰንቆ ያለበት። ሌላ ዘፈን ላይ መሰንቆው ዘፋኙን እየተከተለ ነው የሚሄደው። እዚህ ግን ይጠብቃታል። እሷ ቃሉን ጨርሳ ስትተነፍስ ነው የሚገባው። ልክ እንደሚያዳምጣት ሰው። ከሐሙስ ጀምሮ እሱን እየሰማሁ ነው የምሰፋው።»

ይህን ሰው «ቆይተው ይደውሉ» ማለት አቃተኝ። ማስገባቱም አቃተኝ። ስቱዲዮው በሳቅ ሞቋል፤ እሱን ባስገባው ሁሉም ነገር የሚቀዘቅዝ መሰለኝ። «መስመር ላይ ይቆዩ» አልኩት።

ቆየ። ሌላ ደዋይ አስገባሁ። ሌላም አስገባሁ። ወደ እሱ መስመር ስመለስ መኪናው ይሰማኛል። «አሉ?» እለዋለሁ። «አለሁ እህቴ» ይለኛል። ሃያ ደቂቃ አለፈ። የደወለው ከሞባይል ነው። ያኔ ካርድ ለልብስ ሰፊ ቀላል ወጪ አልነበረም።

በመጨረሻ «እህቴ፣ ካርዴ ሊያልቅ ነው» አለኝ። ቁጣ አልነበረውም። «አየር ላይ መውጣቱ ይቅርብኝ። ብቻ እሷን ካገኘሻት አንድ ነገር ንገሪልኝ። ጠበቅናት፣ አላሳፈረችንም በይልኝ።»

«እሺ፣ እነግርልዎታለሁ» አልኩት። ተቋረጠ።

ከአሥር ቀን በኋላ ዘፋኟ ራሷ ጣቢያችን መጣች። ቃለ ምልልስ ነበራት። ነጭ ነጠላ ለብሳ ነበር። አቅራቢው ገና ሳይሞቅ «አድማጮቻችን ሥራሽን እንደጠበቁት አላገኙትም» አላት። አድማጮቻችን ነው ያለው። ትንሽ ዝም አለች። «ሬዲዮውን ሰምቼዋለሁ» አለች። «ቅር ላላቸው ሁሉ ይቅርታ እጠይቃለሁ።»

እኔ ከመስታወቱ ማዶ ደብተሬን ጉልበቴ ላይ ይዤ ተቀምጫለሁ። የደወለ ሰው ሁሉ እዚያ ላይ አለ። ስሙ፣ ሰፈሩ፣ ያለው ነገር። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የወደዱ ናቸው። ከእነሱ ውስጥ አየር ላይ የወጣው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ተሳስቼ ያስገባሁት። ይቅርታ የጠየቀችው እኔ የመረጥኳቸውን ሰዎች ነበር።

ስትወጣ ሻይ አቀረብኩላት። «እግዜር ይስጥልኝ እህቴ» አለችኝ። ያኔ መናገር እችል ነበር። ሁለት ቃል ነው። አቅራቢው አጠገባችን ቆሞ ስለነበር ፈራሁ። ደብተሩን ብብቴ ውስጥ ከተትኩት። ተሳፍራ ሄደች። ከዚያ ወዲህ ሌላ ሥራ አላወጣችም። በእኛ ምክንያት ነው ማለት አልችልም። ሰው ዘፈን የሚያቆመው በብዙ ምክንያት ነው። እኔ ግን መልእክት ተቀብዬ አላደረስኩም።

ያ ዘፈን በኋላ ታወቀ፣ አገር ዘፈነው ብላችሁ ደስ ባለኝ። አልሆነም። ዛሬም የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነው። እኔ ግን ከወራት በኋላ የማታ ተረኛ ሆኜ ብቻዬን ሰማሁት። ሰውየው እንዳለው ነው። ትተነፍሳለች፤ መሰንቆው ይገባል።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። ዘፈን ደጋግማችሁ ስሙ፣ ዘፋኝ አትስደቡ የሚለውን ምክር ትቼዋለሁ። ታውቁታላችሁ። እኔን የሚከነክነኝ ሌላ ነገር ነው። ዘፈኑን በየአሥር ሰከንዱ እያቆማችሁ ፊታችሁን ትቀርጻላችሁ። ገና መግቢያው ሳያልቅ «ደባሪ ነው» ወይም «ቀውጢ ነው» ይባላል። ግጥሙ የማን ነው? ዜማው የማን ነው? ያቀናበረው ማን ነው? አይጠየቅም። በእኛ ጊዜ የካሴቱን ወረቀት አውጥቶ ማንበብ ራሱ ደስታ ነበር። የሙዚቃ አቀናባሪውን ኤልያስ መልካን አስቡት። የዘሪቱን፣ የኢዮብ መኮንንን፣ የሚካያን ድምፅ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ከጀርባቸው የነበረውን ሰው ብዙዎቻችሁ ያወቃችሁት በ2012 ዓ.ም. ሲያርፍ ነው። ያ ሰው እኮ በሙያው ላይ ብቻ አልቆመም። ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ ሙዚቀኛው ከላቡ እንዲያገኝ አውታር የተባለውን መተግበሪያ አቋቁሟል። አንድ አልበም ላይ አስተያየት ስትሰጡ እንዲህ ያለውን ሰው ስም አንዴ ጥሩልኝ።

በአንድ ነገር ደግሞ ከእኛ ትሻላላችሁ። ዘፋኙ ገጽ ላይ ገብታችሁ ራሳችሁ ትጽፉለታላችሁ። መሃል ላይ ስልክ የምታነሳ ሴት የለችም። ይህን ስጽፍ ግን የእህቴ ልጅ ያሳየችኝ ነገር ትዝ አለኝ። ከላይ የሚቀመጠው ብዙ ላይክ ያገኘው ነው። ብዙ ላይክ የሚያገኘው ደግሞ የሚያስቀው ወይም የሚሳደበው ነው። ረጋ ብሎ የጻፈው ሰው ታች ነው ያለው፤ ብዙ ወርዳችሁ ነው የምታገኙት። ለካ መስመር ላይ የሚቆይ ሰው ዛሬም አለ። ወርዳችሁ ፈልጉት።

ቶሎ አትፍረዱ ልላችሁ አሰብኩ። ግን በ2009 ዓ.ም. የሆንኩትን ሳልነግራችሁ እንዲህ ብላችሁ መዋሸት ይሆንብኛል። ቴዲ አፍሮ «ጥቁር ሰው»ን ካወጣ አምስት ዓመት ሆኖት ነበር። ሚያዝያ 24 ቀን «ኢትዮጵያ» የተባለው አልበሙ ወጣ። በኋላ የቢልቦርድ የዓለም ሙዚቃ አልበሞች ዝርዝር ላይ አንደኛ ሆኗል። እኔ ያን ቀን ማታ ከአልበሙ «ማር እስከ ጧፍ»ን ስሰማ ዘፈኑ ሳያልቅ ፈረድኩ። አለቀስኩም። መነሻው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። እኔ ያን መጽሐፍ መጀመሪያ ያወቅኩት በዓይኔ አይደለም። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ነው። ግቢያችን ውስጥ ሬዲዮ ያለው አንድ ቤት ነበር። ሰዓቱ ሲደርስ ሴቶቹ ምጣዱን ያወርዳሉ። እናቴ በሩ ላይ ቆማ፣ ሊጥ የነካ እጇን ወደ ላይ እንደያዘች ትሰማለች። የዚያን ሰው ድምፅ ሰምቶ ያደገ ሰው ያንን ዘፈን ሁለቴ እስኪሰማ አይጠብቅም። እና ቶሎ መፍረድ ሁልጊዜ ስህተት ነው አልላችሁም። ልባችሁ ቀድሞ ከደረሰ ደርሷል። የእኔ ጥፋት ቶሎ መፍረዴ አልነበረም። የሌላውን ሰው ቃል ማፈኔ ነው።

ከእናንተ ውስጥ ፖድካስት የምትሠሩ፣ ሬዲዮ የገባችሁ፣ ብዙ ተከታይ ያላችሁ ካላችሁ፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። የሸገሯ መዓዛ ብሩ «የጨዋታ እንግዳ» ላይ እንግዳዋን እንዴት እንደምታስጨርስ ስሙ። ሰው ዝም ሲል እሷም ዝም ትላለች። እኔ ያኔ ዝምታ እፈራ ነበር። ሦስት ሰከንድ ዝም ከተባለ ሰው ጣቢያ የሚቀይር ይመስለኝ ነበር። ያ ፍርሃት ነው ልብስ ሰፊውን ከደጅ ያስቀረው።

ደብተሩን ትናንት ማታ ከሣጥን አወጣሁት። እርሳሱ ደብዝዟል። የልብስ ሰፊውን ስም አልጻፍኩትም። «ኮልፌ፣ ልብስ ሰፊ፣ መሰንቆው» ብቻ ነው የሚለው። አጠገቡ ምልክት የለም። አየር ላይ ላወጣሁት ሰው ሁሉ ምልክት አደርግ ነበር።

እና ልጄ፣ አድማጭ ያኔ ምን ይል ነበር ላልሽኝ። «ጠበቅናት፣ አላሳፈረችንም» ይል ነበር። ከኮልፌ ደውሎ፣ ካርዱ እስኪያልቅ።